ከመርዶ በፊት የተበላ ዓሣ

እኛ ቢሮ ምሳ መጋባበዝ ከቀረ ቆይቷል። ስስታሞች ሆነን አይደለም፤ ፈርተን ነው። አንዱ ድንገት ተነስቶ "ዛሬ ምሳ በእኔ ነው" ካለ ተጋባዡ ፊቱ ይለወጥና "ማን ሞተ?" ይላል። በቅርቡ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ልደቴ ነው ብላ ፒያሳ ኬክ ቤት ልትወስደን ተነሳች። አንዷ ባልደረባችን ገና ከወንበሯ ሳትነሳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ምስኪን ልጅ! ምን እንዳጠፋች እስከ ዛሬ አልገባትም።

ነገሩ የመጣው ከማቴዎስ ነው።

ማቴዎስ እዚሁ ሐዋሳ፣ የምንሠራበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የሚሠራው። የወላይታ ሰው ነው፣ አርባን ያለፈ ላጤ። ከቁመቱ የተነሳ ከላይኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ሲያወርድ መሰላል አይፈልግም። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ፤ ዘነቡ እባላለሁ። የክርስቲያን ሠራተኞች ኅብረት አለን፣ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት እንሰበሰባለን፣ አስተማሪያችን እሱ ነው። የሚወዳት ትምህርት አለችው፤ ስለ ስሜት። አማኝ ስሜቱን ይገዛል እንጂ ስሜቱ አማኙን አይገዛም ይላል። ቁጣ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ፣ ፍርሃት ሲመጣ እንዲህ፣ ሐዘን ሲመጣ እንዲህ። ስታዳምጡት ስሜት ማለት ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ተማሪ ነው የሚመስላችሁ።

ለቅሶ ቤት ደግሞ እሱን የሚያህል አጽናኝ አላየሁም። ከእኔ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?

ባለቤቴ ታደሰ ያረፈ ዕለት አልጋው ጫፍ ላይ ቆሜ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ማቴዎስ ትከሻዬን ያዝ አደረገና "እህት ዘነቡ፣ እኛ እኮ ተስፋ ያለን ሰዎች ነን። ተጽናኚ። ጌታ ጋ ነው ያለው" አለኝ። እውነቱን ነው። ምን ይባላል? አፌን ዘጋሁ። መዝሙር ተጀመረ፣ እኔም ዘመርኩ። አንዷ "ታዲዬ እኮ…" ብላ ስለ እሱ ልታወራ ስትል "ተይ አታስለቅሻት" ተባለች። ቀብሩ አለፈ፣ ሰው ተበተነ፣ ስሜ በከተማው ገነነ። "እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት!" ምሳሌ ሆንኩ እላችኋለሁ፣ በሐሙሱ ትምህርት ውስጥ ሁሉ እጠቀሳለሁ። ምሳሌ የሆነ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ያለቅሳል? ከዚያ ወዲህ የታደሰን ስም ጮክ ብዬ የጠራሁት ቀበሌ ሄጄ ስጠየቅ ብቻ ነው።

ወደ ማቴዎስ ልመለስ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ካያሞ ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉ። ጋሽ ካያሞ ንብረት ክፍል ነው የሚሠሩት፣ የኅብረታችን ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ ሲያንሾካሹኩ ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማል። "የማቴዎስ እናት ሌሊት አርፈዋል፤ ከሶዶ ዘመድ ደውሎ ነገረኝ" ብለው አንሾካሾኩ። በሩን ባይዘጉትም ያው ነበር።

መቼም መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፋይል ይዞ ቆሞ አይነገርም። ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰው ተሰብስቦ ሄዶ ነው በር የሚያንኳኳው። ቀብሩ በማግስቱ ስለሆነ ንጋት ላይ እንነግረውና መኪና ተዘጋጅቶ በዚያው ወደ ሶዶ ይዘነው እንሄዳለን ተባለ። እስከዚያ እንዳይሰማ! ደም ግፊት አለበት፣ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ ከእናቱ ጋር ደግሞ በየቀኑ ነው የሚደዋወሉት። ስሜቱን የሚገዛ ሰው አንድ ቀን ከፈነዳ ምን ይሆናል? ሁላችንም የፈራነው እሱን ነው። አለቃችን አቶ በላይ ሳይቀሩ ስብሰባ ሰርዘው መጡ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አንዳችንም መደበቅ አንችልም።

አቶ በላይ ፈቃድ ስትጠይቋቸው "ሥራውን ማን ይሠራልሃል?" የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ቀን ማቴዎስን ደረጃ ላይ አገኙትና "ፈቃድ ከፈለግክ ውሰድ፣ ሰው ማረፍ አለበት" አሉት። አልጠየቃቸውም እኮ! ጋሽ ካያሞ መሬት መሬት እያዩ ሰላምታ ሰጡትና እጁን መልቀቅ ረሱ። አንዷ ከወዲሁ ጥቁር ለብሳ መጥታ ወደ ቤቷ መለስናት። ለእኔ የደረሰችኝ ሥራ ስልኩን መቀበል ነበረች። "ማቴ፣ ስልኬ ቻርጅ ጨርሶብኝ…" ብዬ ውሸቴን ሳልጨርስ ስልኩን አጠፋና እጄ ላይ አስቀመጠው። "አንቺው ጋ ይዋል እህት ዘነቡ። ዛሬ ስልክ ሰልችቶኛል" አለኝ። ጌታ መንገድ ከፈተ ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ ሁለት እጄን አነሳሁ። ሞኝ!

ምሳ ሰዓት ላይ አቶ በላይ "ዓሣ ልጋብዛችሁ" አሉ። አቶ በላይ! ሐይቅ ዳር ወረድን። ከዛፉ ሥር፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ጥቁር ካባ የደረቡ የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች፣ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ተቀመጥን። የተጠበሰ ዓሣ ከነዳጣው፣ ከነሚያቃጥለው የቃሪያ ድቁስ፣ መጣ። እኛ እንዴት ይዋጥልን? ዓሣውን በጣታችን እየገላበጥን እንተያያለን። ማቴዎስ ግን ይበላል፣ ያወራል። ከሰው ሁሉ ዝምተኛው ማቴዎስ! ደግሞ ስለ ማን ያወራል? ስለ እናቱ።

ሥራ የያዘ ሰሞን "መጻሕፍት ነው የምጠብቀው" ብሎ ቢነግራቸው "ማን ይሰርቃቸዋል?" ብለው ጠየቁት። ተማሪዎች አንዳንዴ ይሰርቃሉ ቢላቸው "በቃ ዘበኛ ነኝ በለኛ" አሉት። ሰፈሩ ሁሉ ዛሬም ድረስ ዘበኛ እንደሆነ ነው የሚያውቀው፣ ሲሄድ ዱላህ የታለ ይሉታል። አንዴ ደግሞ ሊጠይቁት ዶሮ ታቅፈው በአውቶቡስ መጡ። ሊያርዳት ቢላዋ ሲያነሳ ተቆጡ። "መንገዱን ሁሉ ስታጫውተኝ መጥታ! ሚስት እስክታመጣ እሷ ቤትህ ውስጥ ትንጫጫልህ" አሉት። ዶሮዋ አርጅታ እስክትሞት ከእሱ ጋር ኖረች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሚስድ ኮል ያደርጉለታል። ካነሳው ይቆጣሉ፣ ሂሳብ ይበላላ። ጮኸ ማለት ልጄ በሕይወት አለ ማለት ነው።

እኛ እንስቃለን። ከልክ በላይ እንስቃለን፣ ማልቀሻ ስላጣን። ጋሽ ካያሞ ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። እኔ እጄን ልታጠብ ብዬ ተነስቼ ከቧንቧው ጋር ተያየሁ።

ስመለስ ማቴዎስ ዓሣውን ዳጣ ውስጥ እየነከረ፣ እየነከረ ይጎርሳል። "የእናቴ ዳጣ ከዚህ ይበልጣል፣ እሷ ስትወቅጠው ጎረቤት ያስነጥሳል" አለ። ወዲያው ዓይኑ ቀላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ሲያለቅስ አይተነው የማናውቅ ሰውዬ! "ኧረ ዳጣው!" አለ። አቶ በላይ "ወላይታ በዳጣ ተሸነፈ!" ብለው ሳቁበት፣ እኛም አጀብን። ሶፍት አቀበልኩት። አንዱን ጨርሶ ሌላ ጠየቀኝ።

ንጋት ላይ ጋሽ ካያሞ ቤት ተገናኘንና ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ማቴዎስ ወደተከራየበት ግቢ ሄድን። ጋሽ ካያሞ መንገዱን ሁሉ የሚሉትን ይለማመዳሉ። በሩ ላይ ስንደርስ ክፍት ነው። መብራት በርቷል። ከጎረቤት የተዋሳቸው አግዳሚ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሻይ በፔርሙዝ ቀርቧል። ሻንጣው ታስሯል። እሱ ጥቁር ኮት ለብሶ ቆሟል።

"ግቡ፣ ይበርዳችኋል" አለን።

ጋሽ ካያሞ የተለማመዱትን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አይቸገሩ ጋሽ ካያሞ፤ ትናንት ጠዋት እህቴ ደውላ ነግራኛለች" አላቸው። "ትናንት መቼ?" አልኩት። "እናንተ ከመስማታችሁ በፊት። ጋሽ ካያሞ ቢሮሽ ገብተው በሩን ሲዘጉ ደረጃው ላይ ደርሼ ነበር። ልነግርሽ እየመጣሁ ነበር፤ ስትደብቁኝ ጊዜ ተውኩት።"

አቶ በላይ ተናደዱ። ቀኑን ሙሉ ለምን አስጨነቅከን አሉት። ማቴዎስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ። "ብነግራችሁ ኖሮ ታጽናኑኝ ነበር። እንዴት እንደምታጽናኑ አውቃለሁ፣ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ጌታ ጋ ናት፣ በቃህ፣ በርታ ትሉኝና ዝም እል ነበር። ትናንት ግን ምስጢሩ አፋችሁን ያዘው። እናቴን ቀኑን ሙሉ አወራኋት፣ አንድም ሰው በቃህ አላለኝም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እህት ዘነቡ፣ ዳጣው አላቃጠለኝም።"

ጋሽ ካያሞ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው። በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ሆ ብለው አለቀሱ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ተነሳ። የሞቱት የራሳቸው እናት መሰሉ። ማቴዎስ አቅፏቸው ጀርባቸውን ይመታል፣ እሱም ያለቅሳል፣ እኛም ሁላችን። እኔ ግን ልብ በሉ፣ ለእናቱ ነው ያለቀስኩት። ለእናቱ ብቻ።

ከቀብር መልስ በመጀመሪያው ሐሙስ ሊያስተምር ቆመ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተ፣ ዘጋ። "ጌታ እኮ ወዳጁን ሊያስነሳው እንደሆነ እያወቀ መቃብሩ ጋ አልቅሷል" አለን። "ይሄን ስንት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም።" ተቀመጠ። የስሜት ትምህርት በዚያው አበቃ። ምሳ መጋበዝም በዚያው አበቃ፣ እንዳልኳችሁ።

እስከ ባለፈው ሳምንት። ማቴዎስ ቢሮዬ መጣና "እህት ዘነቡ፣ ዓሣ ልጋብዝሽ" አለኝ።

ልጆቼን በልቤ አንድ በአንድ ጠራሁ። "ማን ሞተ? ንገረኝ ማቴ፣ በጌታ!" አልኩት። "ኧረ ማንም አልሞተም፣ ነይ" አለ። አላመንኩትም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ልጆቼ ጋ ደወልኩ፣ ሁሉም አነሱ። አንዷማ "ምነው እማዬ፣ ማን ሞተ?" ብላ ደነገጠች።

ያው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ዓሣው መጣ። ማቴዎስ አልነካውም። እጁን አጣምሮ ጠረጴዛውን እያየ "ያን ዕለት ልትጮኺ አፍሽን ከፍተሽ ነበር። ያስዘጋሁሽ እኔ ነኝ" አለኝ። ቀና ብሎ አየኝ። "እስቲ ስለ ታደሰ አውሪኝ።"

ምን ብዬ ልጀምር? ከየት? ሳቅ ብዬ "ምን ይወራል፣ እሱ ደህና ቦታ ነው" አልኩ። ከፊታችን ሁለት አባ ኮዳዎች አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል። "ታዲዬ እነዚህን ሲያይ መርዶ ነጋሪዎች መጡ ይል ነበር" አልኩ። ስሙን ስጠራው ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። "ጨዋታ ይወድ ነበር። ሸሚዙን ሁልጊዜ ቁልፉን አዛንፎ ነው የሚቆልፈው፣ በር ላይ አስቁሜ እኔ ነኝ የማስተካክልለት። የገነዙት ቀንም ተዛንፎ ነበር። አይቼዋለሁ። ላስተካክልለት ስል መዝሙር ተጀመረ…"

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። የዛፉ ጦጣ ሁሉ ሸሸ መሰለኝ፣ ሰውም ዞሮ ዞሮ አየን። አስተናጋጁ ልጅ እየሮጠ መጣ። "እናቴ፣ ዳጣው አቃጠለዎት እንዴ?" አለኝ። ዳጣው እንደመጣ አለ፣ ጣቴንም አላስነካሁትም።

"ባሌ ሞቶብኝ ነው" አልኩት።

ልጁ ደነገጠ። "ውይ! መቼ?"

"ስድስት ዓመቱ ነው።"

ግራ ገብቶት ቆመና "አይዞዎት፣ በቃ፣ ይበር…" ሊለኝ ሲጀምር ማቴዎስ ክንዱን ያዘው።

"ተዋት ወንድሜ" አለው። "ሶፍት ጨምርላት።"