የአቶ ታዲዎስ የምርጫ እንግሊዝኛ

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ወሬ ስትጠይቁት ትምህርት የሚሰጣችሁ ሰው። ጣሊያን በገባ በመንፈቁ ለቂርቆስ ሰፈር የደረሱት ክቡር አቶ ታዲዎስ ነበሩ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ስለተማሩ እንግሊዝኛን ብቻቸውን የተረከቡ ይመስላቸዋል። ዝናብ ይመጣ ይሆን ቢሏቸው፣ ደመና በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ሳይናገሩ የተሰጣ ልብስ አያስነሱም። «መጀመሪያ ቃሉን!» ይላሉ።

ያን ዕለት ጠዋት የጎረቤታቸው የአሰፋሽ ትዕግሥት ተሟጦ ነበር። ጫካ የገባው ወንድሟ ሊካሳ «ዓለም ትቶን እንደሆነ ንገሪኝና እጄን ልስጥ» ብሎ ልኮባታል። መልእክተኛው አባዲ ስንቁን ቋጥሮ በአቶ ታዲዎስ በር ላይ ቆሟል። እጁን ሰጥቶ በሕይወት የተመለሰ ሰው ግን አሰፋሽ አላየችም።

ይህን የነገረቻቸው አቶ ታዲዎስ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ሳሙና የተጠቀለለበት የእንግሊዝ ጋዜጣ ይዘዋል። የዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኞች ከሸንጎው ይቀመጡ አይቀመጡ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጠ ይላል።

«ታዲያ ምን ወሰኑ?» አለች።

«መጀመሪያ ቃሉን! ባሎት ማለት ሐሳብሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ፣ አጥፈሽ ሣጥን ውስጥ የምትከቺው ነው።»

«ይክተቱት። ከዚያስ?»

«ማጆሪቲ። ለቅርጫ ከአሥር ሰው ሰባቱ ከሰንጋ ተራ በሬ ይገዛ ቢሉ፣ ሦስቱ በግ ቢሉ፣ በሬው ተገዛ።»

«ጋሼ ታዲዎስ፣ በእመቤቴ! ሰው ቆሞብኛል!»

«አብስቴይን ደግሞ ሥጋውን እየፈለገ፣ ሲጠየቅ በሬም በግም ሳይል ጣራ ጣራ የሚያይ ነው። እንዲህ ያለ መንግሥት ሞልቷል።»

አሰፋሽ ነውር መሆኑንም ረስታ ጋዜጣውን ከእጃቸው ነጠቀች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግማሹ ተቀዶ እንደቀረ ግን ማንም ያየዋል።

«ውሳኔውስ?»

አቶ ታዲዎስ አቀረቀሩ። «እሱ ያለበት ቁራጭ አልደረሰኝም፣ አሰፉ። ከንጋት ጀምሮ ሳገላብጠው ነው። አላውቅም ብልሽ ልጁ እጁን ሊሰጥ ነው። ምን ልበልሽ?»

ለካስ ያ ሁሉ ባሎትና ማጆሪቲ ሊካሳን ማቆያ ኖሯል! አሰፋሽ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። አሳዘኗት፤ እንደ አባቷም ወደደቻቸው።

ወደ አባዲ ዞረች። «ገና እየቆጠሩ ነው በለው። ቆጠራው ሳያልቅ እጁን እንዳይሰጥ።»

አባዲ ሄደ። አቶ ታዲዎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መቁጠር በእንግሊዝኛ...» ብለው ጀመሩና አፍረው ተዉት።

አሰፋሽ በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እሺ ጋሼ» አለች፤ «መጀመሪያ ቃሉን።»