የጋሽ ዱጉማ አንዲት ቃል

በየሰፈሩ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ እንግሊዝኛ አውቆ ዝም የሚል ግን ገና አልተወለደም። የጉለሌው ሊቀ ሊቃውንት ጋሽ ዱጉማ ናቸው። የእንጨት መሰንጠቂያ ጸሐፊ ሳሉ ከፈረንጅ አለቃቸው ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ተረፋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እፎይ ብሎ አያውቅም።

በተለይ «ቦርድ» የምትባለውን ቃል ከጀመሩማ አያድርስ ነው! ከአዲሱ ገበያ አብሯቸው የተነሣ ሰው፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲደርስ ገና ሦስተኛው ትርጉም ላይ ነው። ልሰናበት ቢል ክንዱን ይዘው፣ «ቆይ፣ አላለቀም!» ይላሉ። ጎረቤታቸው ሠርካዲስማ ድምፃቸውን ከሰማች በጓሮ በር ነው የምትወጣው።

የዚያን ሐሙስ ግን ማምለጫ አልነበራትም። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ ምእመናኑ ተደብቀው በየቤቱ በተራ ይጸልያሉ፤ ተራው የእሷ ነበር፣ ጋሽ ዱጉማም መጥተዋል። ገና «አሜን» ሳይባል በሩ ተንኳኳ። ሠርካዲስ መጽሐፍ ቅዱሱን ምስር የሞላ ቁና ውስጥ ቀበረችው። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነገራ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«ይኼ ስብሰባ በማን ፈቃድ ነው?»

ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያሳስራል።

«የምን ስብሰባ? ትምህርት ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ዱጉማ። ከሰል አንሥተው ያችኑ «ቦርድ»ን ግድግዳው ላይ በፈረንጅ ፊደል ጻፏት። «ተቀመጥ ጓድ ነገራ! ይህች ቃል ድሮ ሳንቃ ማለት ነበረች። ሳንቃው እግር ሲተከልለት ገበታ ሆነ። ገበታው ላይ የሚቀርበው ቀለብም በዚሁ ስም ተጠራ። ገበታውን ከበው የሚመክሩት ሹሞችም እንደዚሁ! መርከብ ላይ ደግሞ...»

ነገራ መጀመሪያ በጥርጣሬ አዳመጠ። መርከቡ ጋ ሲደርሱ አዛጋ። ዳማ መጫወቻው ጋ ሲደርሱ ተነሣ።

«እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። በርቱ» ብሎ ወደ በሩ አመራ።

ሠርካዲስ በልቧ «ተመስገን» ከማለቷ ጋሽ ዱጉማ ክንዱን ለቀም አደረጉት።

«ቆይ፣ አላለቀም!»

ሰውየው ማስመሰሉን ከረሱት ቆይተዋል፤ ላባቸው እየወረደ፣ ዓይናቸው በደስታ እየበራ የምር እያስተማሩ ነው። ነገራ ግን ክንዱን አስለቅቆ ሮጠ ማለት ይቻላል፤ በሩን እንኳን አልዘጋውም።

ሁሉም አፉን በነጠላ አፍኖ ሳቀ። ሠርካዲስ በሩን ዘግታ፣ በርጩማዋን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስንት ትርጉም ቀረ?»

«አምስት» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው።

«እንግዲያው ይቀጥሉ። ዛሬ በጓሮ አልወጣም።»