ድሪቶ ያላችሁት ኪልቴ

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ደሜ ፈልቷል!

ትናንት የእጅ ሥራዬን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። «በሳምንት ሁለት አበባ እየጠገንኩ ነው፤ ሥራው በደህና እየሄደ ነው» ብዬ በጨዋ ደንብ ጻፍኩበት። ታዲያ አንዱ ምን ብሎ ኮሜንት ቢያደርግ ጥሩ ነው?

«እማማ፣ ዲሪቶውን ማን ሰጠዎት?»

ዲሪቶ! በ«ዲ»!

በመጀመሪያ፣ ድሪቶ የሚጻፈው በ«ድ» ነው። ሁለተኛ፣ ድሪቶ ማለት ቡትቶ በቡትቶ ላይ እየተደረበ የሚሰፋ የድሃ ልብስ ነው፤ ይኼ ግን ኪልት የሚባል የፈረንጅ አልጋ ልብስ ነው። ሦስተኛ፣ አንተ ልጅ፣ ይቺ ቃል በንጉሡ ዘመን ምን እንዳደረገችኝ ብታውቅ ጣትህ ይተሳሰር ነበር።

ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ሳቀበት። የማውቃቸው ጭምር!

መሳቃችሁ ካልቀረ ሙሉውን ሰምታችሁ ሳቁ።

አገሬ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ካዘሉ በኋላ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰባተኛን ለመማር ደብረ ታቦር መሄድ አለብኝ፤ አባዬ ደግሞ ሽማግሌ መቀበል ጀምረዋል።

ያሉኝ ቃል በቃል ይኸው፦ «በወላጆች ቀን መጥቼ አያለሁ። እጅሽ አንዳች ነገር ለምዶ ካገኘሁት ትሄጃለሽ። ያለዚያ ጥር ላይ ድግስ ነው።»

የእጅ ሥራ መምህርታችን ፈረንጅ ነበረች፤ ሚስ ነው የምንላት። ያስተማረችን ኪልት ነው። ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ትለቅማላችሁ፤ በአበባ ቅርጽ ትቆርጣላችሁ፤ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፋችሁ አቡጀዲ ላይ ትሰፋላችሁ። ከሥሩ የተባዘተ ጥጥ፣ ከጥጡ ሥር ሌላ አቡጀዲ። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ በመርፌ መውጋት ነው። መውጋት፣ መውጋት፣ መውጋት!

ሚስ ማስመሪያዋን አስጠግታ ትቆጥራለች። በአንድ ኢንች ስምንት ስፌት። ሰባት ከሆነ እሷ ታልፈዋለች፤ የምተረትረው እኔ ነኝ።

ከመስከረም እስከ ሰኔ። ሠላሳ አበባ።

ለማንም አላወራሁም፤ ያላለቀ ነገር ማውራት አልወድም። (ይቺን ያዙልኝ። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው።)

የቀረኝ አንድ ማዕዘን ብቻ ነበር፤ ጥጡ በዚያ በኩል ትንሽ ብቅ ብሏል።

ለወላጆች ቀን አራት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኪልቴ የለም!

«እማዬ፣ እዚህ ጥግ ያስቀመጥኩትስ?»

«የቱ? ያ ድሪቶ?»

«ድሪቶ አይደለም!»

«ሽማግሌ ሊገባ ነው፤ ሰው ቤታችን መጥቶ ጥጡ የተንዘረገፈ ድሪቶ ይይ? አንድ የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል ሰጠሁት። መርቆሽ ሄደ እኮ!»

መርቆኝ ሄደ!

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል። የኔ ንዴት እንባ የለውም፤ ጆሮዬን ነው የሚደፍነው።

በማግስቱ ዓርብ ነው፣ ገበያ። እህል ተራውን አልፌ ወደ አህያ ተራ ስታጠፍ ምን ባይ ጥሩ ነው?

ኪልቴ በእግሩ ይሄዳል!

ካፊያ ነበር። በአገራችን ከታወቀው የዜማ ትምህርት ቤት፣ ከቤተ ልሔም፣ የመጣ አንድ የድጓ ተማሪ አበቦቼን ተከናንቦ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ በጭቃው መሐል ይራመዳል።

እኔ ክፍል ውስጥ «አቤት» ስል እንኳ ድምፄ የማይሰማ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ገበያው በሙሉ ሰማኝ።

«ሌባ! ያዙልኝ!»

አህያ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

ጠርዙን ያዝኩ። እሱም ያዘ።

«ኧረ እህት ዓለም፣ በማርያም ስም የተሰጠኝ ነው!»

አንድ ቄስ ደርሰው ጃንጥላቸውን ዘቀዘቁ። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? በእመቤታችን ስም የተሰጠ ትነጥቂያለሽ?»

«አስኳላ ገባች የተባለችው እኮ ናት!» አለች አንዲት ጌሾ ሻጭ። «የተማሪ ድሪቶ ስትቀማ እዩልኝ!»

«ድሪቶ አይደለም! ኪልት ነው!»

«ምን አለች?»

«ክልትው ልል ነው ትላለች። ውሃ አምጡላት!»

ይኼኔ ነው ማዕዘኑን ያየሁት።

ያላለቀው ማዕዘን አልቋል! ራሱ ሰፍቶታል! የመጽሐፍ ማኅደር እንደሚሰፋ፣ በወፍራም ጅማት። እያንዳንዱ ስፌት ጣት ያህላል። ጠማማ!

እመኑኝ፣ ከመወሰዱ ይልቅ ያበገነኝ ይኼ ነው።

«እንዲህ ተደርጎ ይሰፋል?» አልኩት።

«ጥጡ እየወጣ ነበራ! የጀመረችው ሰው ሰነፍ ሳትሆን አትቀርም።»

ሰነፍ! እኔን!

ገበያው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ።

ከዚያ ፈረዱ። የተሰጠ አይመለስም፤ መዋስ ግን ይቻላል አሉ። የለበስኩትን ጋቢ በመያዣ ሰጥቼ የገዛ ኪልቴን እስከ ሰኞ ተዋስኩ። በካፊያው ውስጥ ያለ ጋቢ ቤቴ ገባሁ።

ሰኞ የወላጆች ቀን ነው። ኪልቱ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አባዬ ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ አዩት፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ድሪቶ ይሰቅላል? ዓመቱን ሙሉ የተማርሽው ይኼን ነው?»

ሚስ በምትችለው አማርኛ ደረሰችልኝ። «በጣም ደቃቅ! ስምንት! ስምንት!»

አባዬ ስምንቱ የምን እንደሆነ አልገባቸውም። እኔ ግን ጥር ወለል ብሎ ታየኝ።

ከዚያ ዱላቸው ወደ ታችኛው ማዕዘን ወረደ።

«ይኼስ የማን እጅ ነው?»

መዋሸት አልችልበትም። «የቤተ ልሔም ተማሪ ነው።»

ጎንበስ አሉ። ጅማቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጎተቱት። ንቅንቅ አላለም።

«የድጓ ተማሪ እጁን ካስገባበትማ ከንቱ ሥራ አይደለም» አሉ። «ሂጂ።»

ሂጂ!

ስንት ሌሊት ሳልተኛ ያሰብኩበትን ቃል ያ ጠማማ ማዕዘን አስገኘልኝ። ሠላሳው አበባ አይደለም! ስምንት ስምንቱ አይደለም!

ኪልቱን ልመልስ ብሄድ ደግሞ ተማሪው አልቀበልም አለ። «ጋቢው ይሻለኛል። ያንቺ የመርፌ ቀዳዳው በዝቷል፤ ብርድ ያስገባል።»

ደብረ ታቦር ሄድኩ፤ አስተማሪ ሆንኩ፤ ዕድሜዬን ከመጻሕፍት ጋር ኖርኩ። ያን ልጅ ማመስገን እንደነበረብኝ አውቃለሁ። አፌ እምቢ አለኝ። ስፌቱ ጠማማ ነዋ!

አሁን ኪልቱ አርጅቷል። ያ በማስመሪያ የተለካ ስፌቴ ሁሉ ክሩ በስብሶ እየተተረተረ ነው። እንደገና የምሰፋው ለዚህ ነው፣ በ«ዲ» የጻፍከው ልጅ!

እስቲ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። በስተግራ ከታች አንድ ማዕዘን አለ። መርፌ አላስነካሁትም፤ አላስፈለገውም።

ስቃችሁ ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ በዚህ ከተማ ጅማት የት ይሸጣል?