የተማረከው ካሚዮን

የመሥሪያ ቤቱ ታላቅነት የታወቀው በጓሮው በኩል ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሣር ከወረሰው ቦታ፣ ዝገት የበላው የጦርነት ዘመን ካሚዮን ተገኘ። እርግጥ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጽዳት ሠራተኞች ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲያሰጡበት ኖረዋል። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ያላዩት ነገር እንደታየ አይቆጠርም። እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን ስልክ ሊያወሩ ወደ ጓሮ ብቅ አሉና አዩት። በማግስቱ “የታሪካዊ ተሽከርካሪ ማንነት አጣሪና መልሶ አቋቋሚ ዐቢይ ኮሚቴ” ተቋቋመ።

ከአሥራ አንዱ አባላት መካከል ካሚዮን ፈትቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ይህም የተደረገው ከአድልዎ ለመራቅ ነው። ፈትቶ የሚያውቀው ጋሽ ብሎን፣ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው የጋራዡ መካኒክ፣ “ለቴክኒክ ድጋፍ” ተጠራ።

ጋሽ ብሎን በጀርባው ተንፏቆ ከመኪናው ሥር ገባ። የራዲያተሩን ማቀፊያ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገና ጣቱን አንድ የብየዳ ጠባሳ ላይ አሳረፈ። ከዚያ አልንቀሳቀስ ሲል ኮሚቴው ሰውዬው ሞተ ብሎ ደነገጠ።

«ይቺን ብየዳ እኔ ነኝ የበየድኳት» አለ ከሥር። «አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግንባር ድረስ አብረን ዳቦ አመላልሰናል።»

«ምን?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ዳቦ።»

«ጋሽ ብሎን፣ ዳቦ ታሪክ አይደለም። መድፍ ነበር የምትጎትተው።»

«መጎተቻ መንጠቆ እንኳ የላትም እኮ ጌታዬ! ይኸው፣ የዳቦ መደርደሪያው ምስማር ከጎኗ ስፖንዳው ላይ አለ።»

«መንጠቆው በውጊያ ወድቆ ይሆናላ» አለ ጸሐፊው። ቃለ ጉባኤው ላይም “መንጠቆው በጀግንነት ተሰውቷል” ተብሎ ሰፈረ።

ጋሽ ብሎን ክርክሩን ትቶ ወደ ሥራው ዞረ። የተጣበቁትን ፒስተኖች ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ አላቀቀ። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ ከአረንጓዴው ሥር አሸዋማው፣ ከአሸዋማው ሥር ደግሞ ሌላ አረንጓዴ ወጣ፤ እሱም እያንዳንዱ የተቀባበትን ወር ያስታውስ ነበር። ሚስቱ «ለመሆኑ ስለ እኔ እንዲህ አውርተህ ታውቃለህ?» እስክትለው ድረስ ወሬው ሁሉ ካሚዮን ሆነ። በስድስተኛው ወር ሞተሩ አስነጠሰ፣ አሳለና ተነሳ። ጋሽ ብሎን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ።

ሥራ አስኪያጁ ካቢናው ውስጥ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ተነሱ። ፎቶግራፋቸውም በየቢሮው ተሰቀለ። ከዚያ ግን መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረው ሲያዩ ቅር አላቸው።

«የጥይት ቀዳዳ የላትም።»

«አልተመታችማ! ተመስገን ነው።»

«ያልተመታች ጀግና ጎብኚ ፊት አትቀርብም። ብሳት።»

ጋሽ ብሎን እምቢ አለ። እንግዲያው አናጢው በመዶሻና በምስማር ይበሳታል ሲባል ግን አንጀቱ አልችል አለ፤ መሰርሰሪያውን ራሱ አነሳ። ሞተሯንና የነዳጅ ታንከሯን እየሸሸ፣ አሥራ ዘጠኝ ቦታ በሳት።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የማንነት ባለሙያ መጡ። በአጉሊ መነጽር አዩ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ለኩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ የእኛ ጦር ጥይት ልክ ነው። የእኛ ጦር ከተኮሰባት ደግሞ የጠላት ናት ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ በየቢሮው የተሰቀለው ፎቶግራፍ ትዝ ሲላቸው ላብ አጠመቃቸው።

«ኧረ እኔ ነኝ የበሳኋት!» አለ ጋሽ ብሎን። «በዚህ እጄ! በመሰርሰሪያ!»

ባለሙያው በሐዘኔታ ተመለከቱት። «አባቴ፣ ሙያ ውስጥ ስሜት አይገባም።»

«ተማርካ ነው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ድንገት ነፍስ ዘርተው።

«ማን ማረካት?»

«መሥሪያ ቤታችን።»

መሥሪያ ቤቱ የተመሠረተው ጦርነቱ ባበቃ በዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኮሚቴው ግን ይህን “ጥቃቅን የጊዜ ልዩነት” ብሎ አለፈው፤ ምርኮኛዋም በሽቦ ታጠረች።

ሁሉም ባማረበት ሰዓት የሕግ ክፍሉ አንድ ነገር አስታወሰ፦ ጦርነት ሲያበቃ ምርኮኛ ይመለሳል። ለቀድሞው ጠላት አገር ደብዳቤ ከነፎቶግራፉ ተላከ። መልሱ በጣም ጨዋ ነበር። «መዝገባችንን አገላብጠናል፤ ካሚዮኑ የእኛ አይደለም። ቀዳዳዎቹንም ተመልክተናል። በዚያ ጦርነት በመሰርሰሪያ የተዋጋ ወገን መኖሩን ግን አናስታውስም።»

ኮሚቴው ቀኑን ሙሉ ተሰበሰበ። የእኛ ናት እንዳይል አፍሯል፤ የእነሱ ናት እንዳይል አልተቀበሉትም። በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ “በግቢው ውስጥ ካሚዮን የሚባል ነገር አልተገኘም፤ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።” ውሳኔው ለሁሉም የሥራ ክፍል ተበተነ። አጥሩም የሚያጥረው ነገር ስለሌለ ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ብሎን ካቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። በቀስታ እየነዳ ዋናው በር ላይ ደረሰ። የጥበቃ ሠራተኛዋ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ጋሽ ብሎን፣ የመውጫ ወረቀት?»

«የምን?»

«የካሚዮኑ ነዋ!»

«የቱ ካሚዮን?»

ሴትየዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ውሳኔ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። እየተርገፈገፈ የሚያጨሰውን ነገር አየች። ቀና ስትል ሥራ አስኪያጁ በፎቁ መስኮት ቁልቁል እያዩዋት ነው፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ መጋረጃውን ሳብ አደረጉት። እሷም መመሪያ አክባሪ ሠራተኛ ነበረችና ማገጃውን ወደ ላይ አነሳችው።

«ዛሬ በእግርህ ነህ እንዴ ጋሽ ብሎን?»

«በእግሬ ነኝ» አለና ማርሽ አስገባ።