በበርጫ ላይ የምታድግ ጎል

ኳስ ያቆመ ተጫዋች አጋጥሟችሁ ያውቃል? እግሩ ያረጃል እንጂ ጎሉ አታረጅም፤ እንዲያውም ታድጋለች። የጀጎሉ ጓደኛዬ አብዱ በርጫ ላይ ጫቱን ሲጀምር፣ ያቺን የዋንጫ ጎል ያገባት ከፍጹም ቅጣት ክልል ነው። ምርቃናው ሲመጣ ከመሀል ሜዳ ይሆናል። ትንሽ ብንታገሰው ከከተማ ወጥቶ ከድሬ ጠያራ ሊመታት ነው! እኔ ያን ቀን የተጋጣሚው በረኛ ነበርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ እቅማለሁ። ምን ልበል?

ትናንት ግን የጫቱ ገራባ ብቻ ቀርቶ ምርቃናው ሲበርድ፣ የማይታጠፍ ጉልበቱን እያሻሸ ጠጋ አለኝ።

«አቦ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከምር ገብታ ነበር?»

«ወላሂ ገብታለች!» አልኩት።

በበረኝነት ዘመኔ ያዳንኳት ኳስ ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች።