ጓድ መርማሪና የሚገጣጠመው ሥዕል

ፈጣሪ ነጋዴ እንዳይጠግብ ሲል በየከተማው አንድ መርማሪ ገዢ አስቀምጧል። የጂንካ ድርሻ አቶ ወርቅነህ ነበሩ። ባለሱቁ ሐቢብ በልቡ «ጓድ መርማሪ» ይላቸዋል። ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት ስለነበር ማዕረጉ አልበዛባቸውም።

ሥራቸው ከዲመካ ገበያ በሬ እየገዙ ማምጣት ነው። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ ማየቱ ያለ ነው፤ ጓድ መርማሪ ግን ሳሙናም ጥርስ ያለው ይመስላቸዋል። ሳሙና ሲገዙ ውኃ አስቀርበው እዚያው እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ሸራ ጫማ ከሆነ ተጫምተው የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ ዳር እስከ ዳር ይዞራሉ፤ ያውም በጭቃ። ጃንጥላ የመረጡ ጊዜማ ሳይከፍሉ ሄደው፣ ዶፍ የወረደ ዕለት በስብሰው መጡና «በል አሁን አምጣው» አሉ። ምነው ጋሼ ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው፦ «ቤት ከገባ በኋላማ ማን ይሰማኛል?»

ሐቢብ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሱቁን መዝጋት ያምረዋል። በዚያ ዓመት ግን ከእሳቸው የባሰ ጭንቀት ነበረበት። ልጁ ፋጢማ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ፣ በጀሶ ታስራ ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ተኝታለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «ጀሶው ሳይፈታ ከቆመችበት አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ታነክሳለች» ብሎታል። እሷ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልፈጠረባትም። አባቷ ዞር ባለ ቁጥር ግድግዳ ይዛ ትነሣለች። ቁጣም፣ ልመናም፣ ከረሜላም ተሞክሮ አልሆነም።

አንድ ጠዋት አባትና ልጅ በዚሁ ሲጯጯሁ ጓድ መርማሪ ገቡ። ጥቂት ቆመው አዩና በከዘራቸው ወደ ላይኛው መደርደሪያ አመለከቱ።

«ያ ምንድን ነው?»

ከመርካቶ ከደብተር ጋር መጥተው ገዢ ያጡ ሁለት ካርቶኖች ነበሩ። «የሚገጣጠም ሥዕል ነው ጋሼ። ትንሹ ለልጅ፣ ትልቁ ለአዋቂ።»

«ሙሉ ናቸው?»

«እንደታሸጉ ናቸው እኮ!»

«አንድ ቁራጭ ቢጎድልስ? ቤት ከገባ በኋላማ ማን ይሰማኛል? እዚሁ ተገጥሞ ልየው።»

ሐቢብ «እንግዲህ ተጀመረ» አለ በልቡ። ሰፊ ቦታ ስለታጣ የሳጥን ክዳን ፋጢማ ጭን ላይ ተደረገ። የልጆቹ ሥዕል ዳክዬ ነበር፤ ሐቢብ አንድ ኪሎ ስኳር መዝኖ ሳይጨርስ ዳክዬዋ ሙሉ ሆና ተገኘች። ጓድ መርማሪ ልጅቷን አየት አድርገው «ይሄ ለሕፃን ነው፤ የአዋቂውን አምጣ» አሉ።

የአዋቂው ሥዕል መርከብ የቆመበት ወደብ ነው። ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ ባሕር፣ ሁለቱም ሰማያዊ። ከሦስቱ ባሕር ያየ የለም።

«ይሄ ሰማይ ነው» ትላለች ፋጢማ።

«የለም፣ ባሕር ነው። ማዕበሉ አይታይሽም?»

ሲከራከሩ ዋሉ። «እንዳትነቃነቂ፣ መርከቡ ይፈርሳል!» ሲሏት ትንፋሿን ሳይቀር ትይዛለች። አባቷን እምቢ ያለች ልጅ ለመርከብ ታዘዘች። በማግስቱም መጡ፤ በሣልስቱም። ወደቡ አንድም ሳይጎድል ተገጥሞ ያለቀ ቀን ሐቢብ «ተገላገልኩ» ብሎ ዋጋ ሊጠራ ሲል፣ ጓድ መርማሪ ሥዕሉን በመዳፋቸው አፈረሱት።

«አንዴ የገጠመው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ይደገም።»

ሐቢብ «ወይ ይግዙ ወይ ይተዉት!» ሊል አፉን ሲከፍት ፋጢማ ከት ብላ ስትስቅ ሰማ። ከወደቀች ወዲህ ስቃ አታውቅም። ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እንዲያውም ሲዘገዩ በሩ ላይ ወጥቶ መንገዱን ማየት አመጣ።

ጀሶው የተፈታ ዕለት ፋጢማ የቀጠነ እግሯን አይታ ፈራች። እናቷ ኸዲጃ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ጓድ መርማሪ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አሉ።

«ነይ እስኪ ወደ እኔ።»

መጣች።

«ተመለሺ።»

ተመለሰች። ጉልበቷን ዳበሱ፣ ቁርጭምጭሚቷን ዳበሱ፣ ደግመው አስኬዷት። ሐቢብ የልጁን እግር ትቶ ፊት ፊታቸውን ያያል።

«ቀጥ ያለ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሐቢብ። ድሬሰሩም ጠዋት ያንኑ ነግሮት ነበር፤ ያመነው ግን አሁን ነው።

ትልቁን ካርቶን አውርዶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ይውሰዱት ጋሼ፤ ስጦታዬ ነው።»

«እኔ? ባሕር ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ...»

«ያን ዕለት የመጣሁት ለፋኖስ ክር ነበር። እሱን ከገዛሁ ወዲያ በምን አመካኝቼ እመጣለሁ? ባለቤቴ በኩራዝ ጭስ ዓይኔ ጠፋ እያለች ነው፤ በል አሁን ካለህ አምጣ።»

ሐቢብ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እኚህን ሰውዬ እንደሚወዳቸው ያወቀው ያኔ ነው። ክሩን አወጣ፤ የገዛ ፋኖሱ ውስጥ አስገባው፤ ላምባ ሞላና ክብሪት ጫረ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርሃኑ ደህና አድርጎ እንዲታያቸው ብሎ የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋው።