እስቲ ቦርሳዬን እዪልኝ

ሐኪም ጎረቤት አለኝ። ሰርግ ላይ እንኳ ሰዎች ጥግ ይዘው ምላሳቸውን አውጥተው ያሳዩታል። ድሮ እስቅበት ነበር። ዛሬ አዝንለታለሁ፤ እኔም እንደሱ ሆኛለሁና። ለእኔ ግን የሚያሳዩኝ ምላስ ሳይሆን ቦርሳ ነው።

ሙና እባላለሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ጅቡቲ ተድሬ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር የሴት ልብስና ቦርሳ እሸጣለሁ። ብራንድ አልሸጥም። የእኔ ቦርሳዎች ስም የላቸውም፤ ስም የሌለው ነገር ደግሞ ፎርጅድ ሊሆን አይችልም። ይህ ቀላል ዕረፍት እንዳይመስላችሁ። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳና ክር ስነካ ስለኖርኩ፣ የቱ ኦሪጅናል የቱ ፎርጅድ እንደሆነ እጄ ይለየዋል። ይህንን አንድ ጊዜ ለአንዲት ደንበኛዬ ነገርኳት። እሷ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ለከተማው። ከዚያ ወዲህ ሱቄ ክሊኒክ ሆነ። ሴቱ ከፀሐዩ ሸሽቶ ይገባል፣ ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣ ስር ቆሞ ቀዝቃዛ አየር ይቀበላል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ "እስቲ ቦርሳዬን እዪልኝ" ይላል።

በምን ታውቂያለሽ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ አሸታለሁ። ቆዳ፣ ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤ ፎርጅዱ ማስቲሽ። ቀጥሎ ስፌቱን አያለሁ። ጥሩ ሰፊ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይጠነቀቃል፤ ፎርጅድ ሰፊው ግን እንደኛ ከተማ ሚኒባስ ሹፌር ነው፣ መታጠፊያ ላይ ይብስበታል። ብረታ ብረቱን በመዳፌ እመዝናለሁ። የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አነባለሁ። አንድ ወጣት አንድ ፊደል የተረፈበት ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ፣ ይሄ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ ፋብሪካው አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት የጨመረው ነው አለኝ። በስተመጨረሻ ገበሩን እገለብጣለሁ። ሰው ሲዋሽ ውጭውን ያሳምራል እንጂ ስለ ውስጡ ብዙ አይጨነቅም።

ጊዜ ላለው ሰው ደግሞ የጅቡቲ ሐምሌ ይበቃዋል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ፣ ማስቲሽ የተባለ ሁሉ እጁን ይሰጣል። አንድ ጎረቤቴ የጣሊያን ነው ያለውን ጫማ አድርጎ ባንክ ሲሄድ፣ አንዱ ሶል አስፋልቱ ላይ ቀረ። ሰውየው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። የሌላ ሰው ሶል ይመስል ቀጥ ብሎ ሄደ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንስቅ ነው የኖርነው። የሚጠይቁኝም ብዙዎቹ እውነቱን ሊሰሙ አይመጡም። ደስ የሚላቸውን ሊሰሙ ነው። አንዷ ፎርጅድ ነው ስላልኳት ምቀኛ ነሽ ብላኝ ሄደች፤ እስከዛሬ ሰላም አትለኝም። እኔም ነገሩን ከጨዋታ አሳንሼም አብልጬም አላየውም ነበር፤ የሰልማ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ።

ሰልማ አብሮ አደጌ ናት። ባሏ ነስሩ ከዱባይ የቤት ዕቃ ያስመጣል። ዝምተኛ ነው፤ ደግም ነው። ኤሮን በሚባለው ሰፈር ባለ አጥር ቤት አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነስሩ ከመንገድ ሲመለስ፣ ስሙ የገነነ የፈረንሳይ ቦርሳ አመጣላት። ቡኒ ነው፤ ሰፊ ነው። ሰልማ ሲሰጣት አልቅሳለች። ከዚያ በኋላ ያ ቦርሳ ከትከሻዋ ወርዶ አያውቅም። እኔ ግን አገላብጬ አይቼው አላውቅም። የጓደኛ ቦርሳ እንደ ሸቀጥ አይፈተሽም።

ቤታቸው ዝናሽ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። የደሴ ልጅ ናት። እዚያው እያደረች ነው የምትሠራው፤ የሰልማን ልጆች ያሳደገች እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ዓርብ ከሰዓት አርሂባ ሰፈር ወዳሉ የአገሯ ልጆች ትሄዳለች። ስትመለስ እኔ ሱቅ ጎራ ብላ ቀሚሶቹን ዳሰስ ዳሰስ ታደርግና፣ "እትዬ ሙና፣ ይሄ ለእናቴ ያምርባታል" ትላለች። የሁሉንም ቀሚስ መጨረሻ እናቷ ላይ ነው የምታየው።

እንግዲህ ሰልማ አንድ ቀን የሴቶች ግብዣ ተጠርታ ሄደች። ከፓሪስ የመጣች አንዲት እንግዳ ቦርሳውን አንስታ ገለበጠችውና፣ እየሳቀች በፈረንሳይኛ፣ የዘንድሮ ኮፒ እንዴት አምሮበታል አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሰልማም አብራ ሳቀች። ያንን ሳቅ ይዛ ቤቷ ገባች፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እስኪነጋ ያሰበችው ይህን ነበር። ነስሩ ፎርጅድ አይገዛም። ስለዚህ ቦርሳው ተለውጧል። ዝናሽ ደግሞ ገና በቅርቡ ለዕረፍት አገር ቤት ደርሳ ተመልሳለች። ኦሪጅናሉን ይዛ ሄዳ ሸጣ፣ በቦታው ከገበያ የገዛችውን ሰቅላለች።

አያችሁ፣ ሰው ሲያፍር ሒሳቡ እንዴት ቶሎ እንደሚገጥምለት።

ለምሳ ሱቅ ልዘጋ ስል ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደርቋል። ፖሊስ ከመጥራቷ በፊት ቦርሳውን እንድመለከትላት ፈለገች። በዚያ ፀሐይ ታክሲ ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ ስደርስ የዝናሽ ሻንጣ መሬት ላይ ተከፍቷል። ቀሚሷ፣ የውስጥ ልብሷ፣ ለእናቷ የገዛችው ሻርፕ አቧራው ላይ ተበትኗል። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። የጎረቤት ሠራተኞች ከየበረንዳው ያያሉ። አንዳቸውም ድምፅ አያሰሙም። ነገ እኛስ እንዲህ ብንሆን እያሉ ይመስለኛል።

ውስጥ ገባሁ። ዝናሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ለቅሶው ግን አልቆላታል። ነስሩ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ጫቱ እንደታሰረ ከጎኑ ነው። በዚያ ሰዓት ጓደኞቹ ዘንድ መሆን ነበረበት፤ አልሄደም። በቤቱ ነገር ተበሳጭቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰልማ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

"እዪልኝ፤ የምታዪውን ብቻ ንገሪኝ" አለች።

አሸተትኩት። የሰልማ ሽቶ ሁሉን ሸፍኖታል። ስፌቱን አየሁ። ማዕዘኑን በጥፍሬ ዳሰስኩት። መቆለፊያውን መዘንኩት። እጄ አላመነታም፤ ፎርጅድ ነበር፣ ጎበዝ የሠራው ፎርጅድ።

ቀና ብዬ ዝናሽን አየኋት። እሷም አየችኝ። እዪልኝ ያለችኝ ሰልማ ብትሆንም፣ ቃሌን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ፖሊስ ቢመጣ ነገሩ በቦርሳው እንደማያበቃ ሁላችንም እናውቃለን። የመኖሪያ ወረቀቷ ከአገር ቤት ከተመለሰች በኋላ ጊዜው አልፏል። ታስራ፣ ድንበር ተሻግራ፣ ሌባ ተብላ እናቷ ቤት ትገባለች። ኦሪጅናል ነው ብዬ ልዋሽ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሰልማን አውቃታለሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ታሳያለች፤ ያኔ እኔም የዝናሽ ተባባሪ ነኝ።

ጊዜ ለማግኘት ብዬ ገበሩን ገለበጥኩት።

ከታች፣ ስፌቱ ስር፣ ቀይ ቡኒ እድፍ አየሁ። የጣት አሻራ ይመስላል፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ ጣቶች። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት። ቦርሳው በመጣበት ዓመት ዋራበሌ ሰፈር የአንዲት ዘመዳችን ሰርግ ነበር። ሰልማ እጇ ላይ ያለው ሂና ሳይደርቅ ስልኳ ጮኸ፤ እጇን ወደ ቦርሳው ሰደደች። ከዚያ እኔ ውሃ እያፈሰስኩላት፣ እሷ ሎሚ እያሸች፣ ግቢው ውስጥ ስንታገል አረፈድን። አልለቀቀም።

"ሰልማ፣ ነይ እስቲ። ይሄን ታውቂዋለሽ?" አልኳት።

ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ጣቶቿን እድፉ ላይ አሳረፈች። ልክ ገቡ።

"የዋራበሌ ሰርግ" አለች።

"አዎ። ቦርሳው አልተለወጠም። ከመጀመሪያውም ይሄው ነው።"

ሰልማ ቀና አለችና ወደ ባሏ ዞረች። እኔም ዞርኩ። ነስሩ የጫቱን ማሰሪያ ያያል።

ቀስ ብሎ ተናገረ። ዱባይ ነው የገዛው፤ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ መጋረጃ ተገልጦ ከሚገባበት ክፍል። መጀመሪያ ከትክክለኛው ሱቅ በር ድረስ ሄዶ ነበር። ያን ዓመት ሥራው ተበላሽቶበት ነበር፤ ለእሷ ግን ቃል ገብቷል። ስትቀበለው ባታለቅስ ኖሮ ያኔውኑ ይነግራት ነበር። አለቀሰች። ከዚያ በኋላ መቼ ይንገራት?

እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሰልማም በዚህ ብቻ ቢሆን ስቃ የምታልፈው ይመስለኛል። ሌላ ነገር ጠየቀችው።

"ቦርሳውስ ይሁን። ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ልጅ ሳስለቅሳት፣ ሻንጣዋን ስበትን፣ እዚህ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር?"

ነስሩ ጫቱን ከጎኑ ገፋ አደረገው። ፖሊስ እስኪመጣ ዝም ይል ነበር ወይ የሚለውን እሱም ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም። እስከዛሬም አልጠየቅኩትም።

ሰልማ ተነስታ ዝናሽ ዘንድ ሄደች። ትከሻዋን ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። ዝናሽ እስክትጨርስ አዳመጠቻት። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

"ይቅር ብያለሁ፣ ማዳም። ግን ሻንጣዬን የበተኑት በር ላይ ነው። ሰውም ያየኝ እዚያ ነው" አለች።

ሰልማ ኩሩ ሴት ናት፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ። ሻርፗን ራሷ ላይ አደረገችና ወጣች። ተከተልኳት። ለዘበኛው በሶማሊኛ፣ በረንዳ ላይ ላሉት በአማርኛ፣ ዝናሽ ምንም አልወሰደችም፣ በሐሰት የወነጀልኳት እኔ ነኝ አለች። ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ፤ ግን ጨረሰችው። ከዚያ በዚያ ሐሩር መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ የልጅቷን ልብስ አንድ በአንድ አቧራውን እያራገፈች ማጠፍ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ነስሩ ወጣ። ምንም ሳይል ከጎኗ ቁጢጥ አለ፤ ለዝናሽ እናት የተገዛውን ሻርፕ አነሳ። እንዴት እንደሚታጠፍ አያውቅም። ሰልማ ከእጁ ወሰደችው።

እኔ ቦርሳውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኛል።

ዝናሽ ይቅር ብላለች፤ አልቆየችም ግን። ነስሩ ወረቀቷን አሳደሰላት፤ እሷም ወረቀቷን ይዛ ጎረቤት ቤት ተቀጠረች፤ ያኔ በረንዳ ላይ ሠራተኛዋ ቆማ ያየችበት ቤት ነው። እመቤቲቱ ነገሩን ከሠራተኛዋ ሰምታ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ለኔ ብላ ወሰደቻት። የሰልማ ልጆች ግን ዛሬም ሲርባቸው አጥሩን ዞረው እሷ ዘንድ ነው የሚሄዱት።

ነስሩ በኋላ ኦሪጅናሉን ገዛላት፤ ከነሳጥኑ፣ ከነሪባኑ። አይቼዋለሁ፤ እንከን የለውም። ሰልማ አመስግና ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። እዚያው አለ። ይዛ የምትዞረው አሮጌውን ነው። አሁን ማንም ከመጠየቁ በፊት "ፎርጅድ ነው" ትላለች፣ በተለይ ነስሩ ባለበት። እባክሽ አዲሱን እንድትይዝ አግባቢልኝ ብሎ ለምኖኛል። አልገባበትም አልኩት።

ያ ጉዳይ ግን እኔንም ሳይነካኝ አልቀረም። አሁን ሰው ቦርሳ ሲያሳየኝ ቶሎ አልፈርድም። የማላውቀው ቤት ውስጥ የምገባ ይመስለኛል።

በቀደም ባለቤቴ ጀማል ከመንገድ ተመለሰ። ለዓመታት ሽቶና ቴምር እንጂ ሌላ አምጥቶልኝ አያውቅም። በዚህኛው ጉዞ ግን ከሻንጣው ውስጥ ቦርሳ አወጣ። አረንጓዴ። ፊቱ ላይ ትልቅ ስም ተጽፎበታል። ሰጥቶኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፊቴን ማየት ጀመረ። ገና ስቀበለው እጄ ነገረኝ። አልገለበጥኩትም። አላሸተትኩትም። ማንገቻውን ሳብ ሳብ አደረግኩና፣ እንዴት ጠንካራ ነው፣ ብዙ ዕቃ ይይዛል አልኩት።

ጀማል ግራ ተጋብቶ አየኝ።

"ፎርጅድ ነው እኮ፣ ሙና። ሻጩም ነግሮኛል" አለ። "ምነው፣ አላወቅሽም? ቀለሙ ደስ ስላለኝ ነው።"

ቀለሙ እውነትም ያምራል።